«ዝማኔ»፣ «ዝመና» ወይስ «እድሳት»?

ጥያቄ፦ «ቤት ያለው ኮምፒውተሬ በከፈትኩት ቁጥር ‹አዲስ ዝማኔ አለ› እያለ ይነዘንዘኛል። ንዝንዙስ ይሁን፣ ቃሉ ነው ግራ ያጋባኝ። ‹ዝማኔ› አማርኛ ነው? ባለቤቴ ‹ዝመና› ነው የሚባለው ይላል። ልጄ ደግሞ ‹አፕዴት በሉትና ገላግሉን› ትላለች። ብቅ የሚለውስ መልእክት ‹ማሳወቂያ› ነው ወይስ ‹ማስታወቂያ›?»

መልስ፦ የልጅዎን ሐሳብ ብቀበል እዚሁ ላይ በጨረስን ነበር። ግን ይህ ቃል እኔንም ሲያብከነክነኝ የኖረ ነውና ትንሽ ይታገሡኝ።

«ዝማኔ» አማርኛ ነው። አወጣጡም ሥርዓቱን የጠበቀ ነው። ከ«ወሰነ» «ውሳኔ»፣ ከ«ዘመረ» «ዝማሬ»፣ ከ«ቀደሰ» «ቅዳሴ» ይወጣል። «ዘመነ»ም መሐሉ ጠብቆ ሲነገር «ዝማኔ»ን ቢወልድ ምንም አይገርምም። ባለቤትዎም አልተሳሳቱም። «ለመነ፣ ልመና»፣ «ጠገነ፣ ጥገና» እንደምንለው «ዝመና» ይሆናል። ለያይልኝ ካሉኝ ሥራውን «ዝመና»፣ የሚጫነውን ነገር «ዝማኔ» እላለሁ። «ዝመናው 20 ደቂቃ ፈጀ»፤ «የዛሬው ዝማኔ ከባድ ነው»። ይህ ክፍፍል ግን የራሴ ነው። ሰዉ አንዱን በሌላው ቦታ ሲጠቀም እሰማለሁ፤ የሚከለክለውም ሕግ የለም።

«ዘመን» ራሱ ከየት መጣ? በግዕዝ ያለ ነው። ዕብራይስጡ «ዝማን»፣ ዐረብኛው «ዘማን» ይላል፤ አራማይክም ዘመዱን ይዟል። ከዚያ ወደኋላ ሲኬድ ሊቃውንቱ ይለያያሉ። ገሚሱ የአካድን፣ ማለትም የጥንቷ ሜሶፖታሚያን ቋንቋ፣ «ሲማኑ» ይጠራል፤ ትርጉሙ የተወሰነ ጊዜ፣ ወቅት ነው። ገሚሱ ምንጩ ፋርስ ነው ይላል። እኔ ከአካዱ ጋር ነኝ። ማስረጃው በልጦብኝ ሳይሆን ታሪኩ ስለሚጥመኝ ነው፦ «ሲማኑ» በባቢሎን የወር ስምም ነበር፤ የአይሁድ ወር «ሲዋን» የዚያ ልጅ ነው። ደግሞስ «የተወሰነ ጊዜ» ለእርስዎ ጉዳይ እንዴት ይገጥማል! ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2003 ኦክቶበር ጀምሮ የዊንዶውስን የደኅንነት ዝማኔዎች በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ነው የሚለቀው። ንዝንዙ ወር እየጠበቀ የሚብሰው ያለ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ወገን ይነሣብኛል። «‹ዘመነ› የሚባል ግስ የለም፤ ከ‹ዘመን› ተቆንጥሮ የተፈበረከ ነው» ይላል። ቢሆንስ? «መሠረተ» የሚለውን ግስ ማን ይጠላዋል? እሱም እኮ ከስም የተወለደ ነው። በግዕዝ ሥሩ «ሣረረ» ነው፤ «መሠረት» ከዚያ ወጣ፤ ኋላ ሰው የስሙን «መ»ና «ት» እንደ ሥር ፊደል ቆጠረና «መሠረተ» አለ። ዛሬ ማኅበር ስንመሠርት ማንም አይደነግጥም። በዚያ ላይ «ዘመነ» ኮምፒውተር ሳይመጣም በአፋችን ነበር። «አንቺ ደግሞ ዘመንሽ!» ሲባል ያልሰማ አለ? እርግጥ ቃሉ የሽሙጥ ጣዕም አለው፤ «ዘመናይ»ም ከሙገሳ ይልቅ ለትዝብት ይቀርባል። «ኮምፒውተሬ ዘመነ» ሲሉኝ ጥቁር መነጽር ያደረገ ኮምፒውተር ይታየኛል።

እኔን የሚያንገበግበኝ «ተዘመነ» ነው። «ፕሮግራሙ ተዘምኗል» ይሉናል። «ዘመነ» እኮ ተሳቢ የማይፈልግ ግስ ነው። አድራጊው «አዘመነ» ነው፤ «አ» ተጨማሪ ምዕላድ፣ ማለትም በግሱ ላይ የምትቀጠል ቁራጭ ናት። «ሠለጠነ፣ አሠለጠነ» ብለን «ሠራተኛው ተሠለጠነ» አንልም፤ «ሠለጠነ» እንላለን። ስለዚህ «ፕሮግራሙ ዘምኗል» ማለት በቂ ነው። ተከራካሪዬ ወዲያው «ቡና ተፈልቶ ይጠጣ የለም እንዴ? ‹ፈላ፣ አፈላ፣ ተፈላ› አለ» ይለኛል። አለ፤ አልካድኩም። በቡና ከመጣችሁብኝ መልስ የለኝም። «ተዘመነ» ግን ለጆሮዬ አሁንም ይጎረብጠኛል፤ አልጽፈውም።

እኔ ከመጀመሪያውም የምወደው «ማደስ»ን ነበር። «አደሰ» ላይ ያለችው «አ» ምዕላድ አይደለችም፤ የግዕዙ «ሐደሰ» «ሐ» ናት፤ «ሐዲስ»ም «አዲስ»ም ከዚያው ናቸው። ስለዚህ «አደሰ፣ ታደሰ፣ እድሳት» ያለ ክርክር ይወርዳል። መንጃ ፈቃድ ይታደሳል፤ ፓስፖርት ይታደሳል፤ ኮምፒውተሩ ምን በደለ? አውቃለሁ፣ መልሱ ቀላል ነው፦ እድሳት ያረጀውን ወደነበረበት ወይም ወደ ሥራው ይመልሳል፤ ዝማኔ ግን ያልነበረ ነገር ያመጣል። ገጽ እንደገና መክፈትንም ሰው «ማደስ» ብሎ ወስዶታል። «ዝማኔ» በየስልኩና በየኮምፒውተሩ የአማርኛ ገጽ ላይ ሰፍሯል። ተሸንፌያለሁ እንግዲህ፤ ልቤ ግን ከ«እድሳት» ጋር ነው።

አንድ መለየት ያለብዎት ነገር አለ፤ ለንዝንዙም ይጠቅምዎታል። «ዝማኔ» እና «ማሻሻያ» አንድ አይደሉም። ዝማኔ ያለዎትን ሥርዓት ቀዳዳውን ይደፍናል። ማሻሻያ ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ያሸጋግራል፤ ለምሳሌ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11። ሁለቱንም «አፕዴት» ብለው ሲጠሯቸው ሰው አንዱን ሲሸሽ ሌላውንም ይዘጋል። የልጅዎ መፍትሔ ጣጣውም ይኸው ነው። ማሻሻያውን «አልፈልግም» ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ቢያበቃም። የደኅንነት ዝማኔን ግን ለዘለቄታው አይዝጉት። ኮምፒውተርዎ በዊንዶውስ 11 የሚሠራ ከሆነ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ዝማኔውን እስከ 5 ሳምንት ማቆየት ይችላሉ። የሥራ ሰዓትዎን ከነገሩትም በዚያ ሰዓት ራሱን አጥፍቶ አይነሣም፤ በቀን እስከ 18 ሰዓት ይፈቅድልዎታል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። «ማሳወቂያ» ይበሉት። ሁለቱም ከ«ዐወቀ» ናቸው፤ አንዱ በ«አሳወቀ»፣ ሌላው በ«አስታወቀ» በኩል መጣ። «አስታወቀ» ለሕዝብ ነው፦ አዋጅ፣ ሽያጭ፣ ክፍት የሥራ ቦታ። ማስታወቂያ ሚኒስቴር የነበረንም ለዚህ ነው። «አሳወቀ» ግን ለአንድ ሰው ጆሮ ይሆናል። ብቅ ያለው መልእክት ስለራስዎ ኮምፒውተር ለእርስዎ ብቻ የሚናገር ከሆነ ማሳወቂያ ነው። በዚያው ሰበብ የሚሸጥልዎት ነገር ይዞ ከመጣ፣ ያኔ ማስታወቂያ ቢሉት አልከራከርዎትም።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር። አዝራሩ ላይ «አዘምን» የሚለውን የሚናገረው ማን ነው? ኮምፒውተሩ ለእርስዎ ከሆነ ሴት መሆንዎን አላወቀም፤ «አዘምኚ» ወይም በአክብሮት «ያዘምኑ» ማለት ነበረበት። እርስዎ ለኮምፒውተሩ ከሆነ ግን «አዘምን» ልክ ነው። አጠገቡ ያለው «በኋላ አስታውሰኝ» ተናጋሪዋ እርስዎ መሆንዎን ይነግረናል። ታዲያ በአንድ መስኮት «ያዘምኑ» እና «በኋላ አስታውሰኝ» ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ አንዱ አዝራር የማሽኑ አፍ፣ ሌላው የእርስዎ አፍ ሆነ ማለት ነው። ተርጓሚዎቹ ሁለቱንም በእርስዎ አፍ ቢያደርጓቸው እመርጣለሁ፦ «አዘምን»፣ «በኋላ አስታውሰኝ»፤ ሦስተኛ ቢጨምሩልን ደግሞ «ተወኝ»።