ጥያቄና መልስ፦ የትንሽ ትራንዚስተር ከርቭ ላብ ውስጥ ሲለካ

መላሽ፦ ከአቃቂ እስከ ሱሉልታ በየላቡና በየወርክሾፑ ያላችሁ፣ ጠይቁ። የምንነጋገረው ስለ ትንንሾቹ ኤንፒኤን ትራንዚስተሮች ከርቭ ነው፦ 2ኤን3904፣ ቢሲ547 እና የመሳሰሉት። እግራቸው ሦስት ነው፦ የሚቆጣጠረው ቤዝ፣ ዋናው ከረንት የሚያልፍባቸው ኮሌክተርና ኤሚተር። ከርቭ ማለት የቤዙ ከረንት ሳይነካ የኮሌክተሩ ከረንት ከኮሌክተር-ኤሚተር ቮልቴጅ ጋር እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ መስመር ነው። የትራንዚስተሩን ቁጥር፣ የቤዝ ሬዚስተሩን እና የሰፕላዩን ቮልቴጅ ሳትጽፉ አትጠይቁ። የሰፕላዩን ከረንት ሊሚት 30 ሚሊ አምፔር ላይ ሳታደርጉም ማብሪያውን አትንኩ።

የሱሉልታው፦ ጋሼ፣ 2ኤን3904 ነው። የቤዝ ሬዚስተር የለውም፤ በቀጥታ ከሰፕላዩ 0.65 ቮልት ሰጠሁት፣ ኮሌክተሩ ላይ 5 ቮልት። ጠዋት ላቡ ሲበርድ 1 ሚሊ አምፔር ያነበብኩት ከሰዓት ከ2 አለፈ። ምንም አልነካሁም። ሰፕላዩ ነው?

መላሽ፦ ሰፕላዩ ደህና ነው፤ የለካኸው የክፍሉን ሙቀት ነው። ከረንቱ ባለበት ቢቆይ የቤዝ-ኤሚተር ቮልቴጅ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 2 ሚሊ ቮልት ያህል ይወርዳል። ጠዋትና ከሰዓቱ በ10 ዲግሪ ከተራራቁ 20 ሚሊ ቮልት ሆነ ማለት ነው። አንተ ቮልቴጁን አንቀህ ስለያዝከው ልዩነቱ በከረንቱ ላይ ወጣ፦ 18 ሚሊ ቮልት ከረንቱን እጥፍ ያደርገዋል፣ 60 ደግሞ አሥር እጥፍ። ስለዚህ ለቤዝ ከረንት ስጡት እንጂ ቮልቴጅ አትስጡት። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እንደምለው ከወዲሁ ይታወቀኛል።

ቤዙ ፊት 100 ኪሎ ኦም አስገባና በሬዚስተሩ ሁለት ጫፍ ያለውን ቮልቴጅ ለካ። 1 ቮልት ካነበብክ 10 ማይክሮ አምፔር እየገባ ነው፤ የቤዙ ሰፕላይ ያኔ 1.7 ቮልት አካባቢ ይሆናል። ኮሌክተሩ ጋ 100 ኦም አድርግ፦ 100 ሚሊ ቮልት 1 ሚሊ አምፔር ነው። ሬዚስተሮቹን ከመሰካትህ በፊት በኦም ሜትር ለካቸው፤ የወርቅ ቀለም ያለው 5 በመቶ ሊዛባ ይችላል። መልቲሜትሩን አምፔር ላይ አዙረህ መስመሩ ውስጥ አታስገባ፤ የራሱን ቮልቴጅ ይወስዳል፣ አንድ ጊዜ ከተሳሳትክም ፊውዙ ይሄዳል። የኮሌክተር-ኤሚተሩን ቮልቴጅ ከራሱ ከትራንዚስተሩ እግር ላይ አንብብ፤ የሰፕላዩ ማሳያ የ100 ኦሙንም ጨምሮ ነው የሚነግርህ።

እንዲህ ተደርጎም ትራንዚስተሩ ራሱን ያሞቃል። ለቤዙ 40 ማይክሮ አምፔር ሰጥተህ ቤታው (የኮሌክተሩ ከረንት ለቤዙ ከረንት ሲካፈል) 200 ቢሆን ኮሌክተሩ 8 ሚሊ አምፔር ይወስዳል፤ በ10 ቮልት 80 ሚሊ ዋት ነው። የዚህ ፕላስቲክ ቤት ሙቀት በአንድ ዋት 200 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር ውስጡ በ16 ዲግሪ ይሞቃል። ቤታ ከሙቀት ጋር ስለሚያድግ የላይኛው መስመር ወደ ላይ ይጋደላል። ከፍተኛው ነጥብ ላይ ቶሎ አንብብ፣ ቮልቴጁን አውርድ፣ እስኪበርድ ጠብቅ። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች እየሄድክ ለካ፤ ሁለቱ መስመር ካልገጠመ ሙቀት ነው። በጣትህም አትያዘው።

የቡራዩው፦ ከርቩ ልክ አልመጣልኝም። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ምን ለካህ? በስንት? መጀመሪያ ያልኩትን አንብብ።

የለገጣፎዋ፦ ጋሼ፣ ቢሲ547፣ ቤዝ 100 ኪሎ ኦም፣ ሰፕላይ እስከ 12 ቮልት። ቤታው 6 ብቻ ወጣ። 7 ወይም 8 ቮልት ላይ ስደርስ ደግሞ ከረንቱ በአንዴ ይተኮሳል።

መላሽ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! ኮሌክተርና ኤሚተሩን አቀያይረሻል። ትራንዚስተር ተገልብጦም ይሠራል፣ ግን ቤታው እንዲህ ይሞታል። የተኮሰው ደግሞ የኤሚተር-ቤዝ መገናኛው ወደ ኋላ ሲሰበር፣ ማለትም በተገላቢጦሽ ቮልቴጅ ከረንት ማሳለፍ ሲጀምር ነው፤ ዳታሺቱ (የፋብሪካው የመረጃ ወረቀት) 6 ቮልት ብቻ ይፈቅድለታል። ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ አንቺ፣ እግሩን ወደ ታች አድርጊ። ከግራ ወደ ቀኝ ቢሲ547 ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው፤ 2ኤን3904 ግን ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። የላብ ማንዋሉ ሥዕል ለአንዱ ተስሎ ስቶር የሚሰጠው ሌላው ሲሆን ነው ብዙ ጊዜ እዚህ የሚደረሰው። ያንን ትራንዚስተር ለልኬት አትጠቀሚበት፤ ወደ ኋላ ተሰብሮ የቆየ መገናኛ በትንሽ ከረንት ላይ ያለውን ቤታ በቋሚነት ይቀንሰዋል።

የሰበታው፦ ቤዙን 0.7 ቮልት ላይ ባደርገውስ?

መላሽ፦ ለሱሉልታው የመለስኩትን አንብብ። ከረንት!

የአቃቂው፦ ከመርካቶ የገዛሁት ቢሲ547ሲ ቤታው 180 ነው። ፌክ ነው አይደል?

የለገጣፎዋ፦ ፌክ ሳይሆን ተደባልቆ ነው የሚሆነው። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል የቤታ ምድብ ነው፤ የኤ ምድብ ከ110 እስከ 220 ነው።

የአቃቂው፦ ጽሑፉ ሲ እያለ? ፌክ ነው እንጂ!

መላሽ፦ የሲ ምድብ ከ420 እስከ 800 ነው፣ ግን የሚለካው በ2 ሚሊ አምፔርና በ5 ቮልት። አንተ በስንት ለካህ? እዚያው ነጥብ ላይ 180 ከሆነ ሲ አይደለም። ክርክሩን እዚህ አቁሙ።

የሰበታው፦ የመልቲሜትሩ የኤችኤፍኢ (የቤታ መለኪያ) ቀዳዳ 187 ይላል፣ እኔ 160 አገኘሁ። የቱ ነው ልክ?

መላሽ፦ ሁለቱም። ሜትሩ በራሱ አንድ ነጥብ ይለካል፣ አንተ በሌላ። ያ ቀዳዳ እግር ለመለየት ይበቃል፣ ለሪፖርት አይሆንም።

ባለ ስኮፑ፦ ይህን ሁሉ ነጥብ ከመልቀም በኦሲሎስኮፕ ኤክስ-ዋይ (ቮልቴጁ ወደ ጎን፣ ከረንቱ ወደ ላይ) አንድ ጊዜ ማየት አይሻልም?

የሱሉልታው፦ እኛ ሞክረን ሬዚስተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ዜሮ ሆነብን።

መላሽ፦ ሁለቱን የፕሮብ ግራውንድ የተለያየ ቦታ ቆንጥጣችሁ ነዋ። ሁለቱም ስኮፑ ውስጥ አንድ ናቸው፣ ከግድግዳው ግራውንድም ጋር። ግራውንዱን ኤሚተሩ ላይ ብቻ ቆንጥጡ፣ ኤክሱን ኮሌክተሩ ላይ። 100 ኦሙን በኤሚተርና በሰፕላዩ መመለሻ መሃል አድርጉና ዋዩን በሌላኛው ጫፉ ላይ፤ ተገልብጦ ስለሚመጣ ኢንቨርት አድርጉት። የኮሌክተሩ ምንጭ ከግራውንድ የተለየ ትራንስፎርመር መሆን አለበት። የቤዙ ባትሪ ወደ ኤሚተሩ ይመለስ፤ ያኔ 100 ኦሙ ውስጥ የሚያልፈው የኮሌክተሩ ከረንት ብቻ ነው። ስኮፕ ቅርጹን ለማየት ጥሩ ነው፤ ለቁጥር ግን በመልቲሜትር ነጥብ በነጥብ።

ባለ ስኮፑ፦ ዲጂታል ስኮፕ ቁጥርም ይሰጣል እኮ።

መላሽ፦ 8 ቢት ማለት 256 ደረጃ ነው። የኧርሊን ቮልቴጅ በዚያ አውጣና አሳየኝ።

የለገጣፎዋ፦ እሱን እንዴት እናወጣለን?

መላሽ፦ ጄምስ ኧርሊ እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳየው ነው፦ የኮሌክተር ቮልቴጅ ሲጨምር ቤዙ እየጠበበ ስለሚሄድ መስመሩ ጠፍጣፋ አይሆንም። ለምሳሌ የቤዙ ከረንት ሳይነካ በ2 ቮልት 2.00፣ በ10 ቮልት 2.16 ሚሊ አምፔር አነበብሽ እንበል። ዳገቱ በአንድ ቮልት 0.02 ሚሊ አምፔር፣ የውጤት ሬዚስታንሱ 50 ኪሎ ኦም ነው። 2.00 ለ0.02 ሲካፈል 100፣ ከዚያ 2 ሲቀነስ 98 ቮልት፤ የኧርሊ ቮልቴጅ ይህ ነው። በዝቅተኛው መስመር ላይ ለኪው፤ በላይኛው ላይ ሙቀቱ ዳገት ስለሚጨምር ቮልቴጁ አንሶ ይወጣል። አሁንም ሙቀት።

የአቃቂው፦ መብራት ሄዶ ሲመጣስ?

መላሽ፦ እንደሄደ ሰፕላዩን አጥፋ፣ ቁልፎቹን ዜሮ አድርግ። ለቤዙ 9 ቮልት ባትሪና ፖቴንሽዮሜትር ይበቃል።

የሰበታው፦ ሞስፌትስ?

መላሽ፦ ሌላ ቀን።

የቡራዩው፦ እሺ ጋሼ፦ 2ኤን3904፣ 100 ኪሎ ኦም፣ 20 ማይክሮ አምፔር፣ ሰፕላይ ከ0 እስከ 10 ቮልት። በየ1 ቮልቱ ለካሁ፤ ከርቩ መታጠፊያ የለውም፣ ከዜሮ ወጥቶ ወዲያው ቀጥ ያለ መስመር ነው።

መላሽ፦ ይህን ከመጀመሪያው ብትጽፈው ምን ነበረበት? መታጠፊያው ከ0.3 ቮልት በታች ነው ያለው፣ አንተ ዘለኸዋል። በኮሌክተርና ኤሚተር መሃል 0.05፣ 0.1፣ 0.15፣ 0.2፣ 0.3፣ 0.5 ላይ ውሰድ፤ ከዚያ 1፣ 2፣ 5፣ 10 ይበቃል። እነዚያን ትንንሾቹን የምታገኘው ሰፕላዩን ቀስ እያልክ ከዜሮ በማንሳት ነው፤ የሰፕላዩ ቁልፍ ሸካራ ከሆነ 100 ኦሙን በ1 ኪሎ ኦም ተካው። ያኔ 1 ቮልት 1 ሚሊ አምፔር መሆኑን ሠንጠረዡ ላይ ማስተካከል እንዳትረሳ።