መጀመሪያ የተሰበረ ጠግኑ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ በስልክ የሣላችሁትን ቀለበትና ጉትቻ እያሳያችሁ “ጋሼ፣ እንዴት ነው?” ትሉኛላችሁ። ሥዕሉ ያምራል። እጃችሁ ግን ብሩን ገና አልለመደውም። የኔ ምክር አንድ ነው፤ መጀመሪያ የተሰበረ ጠግኑ።

እኔ ሙያውን የተማርኩት በጥገና ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የራሴ የምለው አንድ ቀለበት አልሠራሁም። የሚሰጠኝ የተበጠሰ ሰንሰለት፣ የላላ ፈርጥ፣ ማንጠልጠያው የወለቀ መስቀል ነበር። ያኔ በጣም ይከፋኝ ነበር። የተሰበረ ዕቃ ግን ሠሪው የቸኮለበትን ቦታ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

የድሮ የአንገት መስቀል ሲመጣላችሁ ቶሎ እሳት አታስነኩት። ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። የሠሪው ስም የለበትም። ባለእጅ “ቡዳ” እየተባለ የሚሰደብበት ዘመን ነበር፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስድቡን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። የሞረዱ ጭረት ግን ጀርባው ላይ አለ። እጁን እዚያ ታገኙታላችሁ።

ብዙው የድሮ መስቀል ከማርትሬዛ፣ ከዱሮው የብር ገንዘብ፣ ቀልጦ የተሠራ ነው። ማርትሬዛ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፤ ዛሬ የምንሠራበት ደግሞ 925። የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። መዳብ የበዛበት ጠንከር ይላል፣ እሳት ላይም ቶሎ ፈሳሽ ይሆናል። ስለዚህ ስትበይዱ መብራቱን ቀንሱ፤ የብሩ መቅላት የሚታየው በደብዛዛ ብርሃን ነው። እሳቱን መበየጃው፣ ማለትም ቀልጦ ስብራቱን የሚያያይዘው ቅይጥ፣ ላይ ብቻ አታነጣጥሩ። ዕቃውን ዙሪያውን እኩል አሙቁት፤ መበየጃው የሚሮጠው ወደ ሞቀው ነው። እንደ ውሃ ብልጭ ሲል እሳቱን አንሡ። አንድ ሰከንድ ከዘገያችሁ የሰው ቅርስ ይቀልጣል።

ፈርጥ ካለው ደግሞ አውጡት። በተለይ የወሎን ኦፓል። ይህ ከወሎ ደላንታ የሚወጣው ድንጋይ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ ውስጥ ሲቆይ መስታወት ይመስላል፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ውስጡ ውሃ ያለበት ድንጋይ እሳት አይችልም።

አንዴ የአንዲት እናትን ቀለበት ላጥብብ ብዬ፣ ፈርጡን ማውጣት ሰንፌ፣ እሳቱን አስጠጋሁ። ጠሽ አለ። ድንጋዩ ለሦስት ተሰነጠቀ። የልጃቸው ስጦታ ነበር። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ሌላ ኦፓል ገዝቼም ተካሁላቸው። አመሰገኑኝ። ከዚያ የድሮውን ስብርባሪ ጠየቁኝ። በወረቀት ጠቅልዬ ስሰጣቸው፣ አዲሱን ቀለበት ሳያዩት ወረቀቱን ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡት።