ኪም ሁሉ ዘመዳም ነው? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ «ኮሪያ ውስጥ ኪም የሚባል ሰው እንደ አሸዋ ነው» ብዬ በአንድ ዐረፍተ ነገር ባልፍ፣ ጥያቄው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። ከመጡት መካከል ጥቂቱን መርጬ እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ስመለከት ከሁለት ሰው አንዱ ኪም ነው። ሁሉም የአንድ ሰው ዘሮች ናቸው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይደሉም። ድራማው ግን ያን ያህል አላጋነነም። በ2015 በተደረገው የደቡብ ኮሪያ የሕዝብ ቆጠራ 10.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ኪም ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከአምስት ሰው አንዱ መሆኑ ነው። ሊ እና ፓርክ ሲጨመሩበት ሦስቱ ስሞች ብቻ ከመቶው አርባ አምስቱን ያህል ይይዛሉ። ኮሪያውያን ራሳቸው ይቀልዱበታል፤ የማይሆን ፍለጋ ውስጥ የገባን ሰው «ሴኡል ሄዶ ኪም የሚባል ሰው ይፈልጋል» ይሉታል።

ስለዚህ ቁም ነገሩ «የየት ኪም ነህ?» የሚለው ነው። እያንዳንዱ ኪም ከስሙ ጋር የሚሄድ የአገር ስም አለው፤ ቦንግዋን ይባላል። የዘሩ ጀማሪ መሠረት የጣለበት ቦታ ነው እንጂ ሰውየው የተወለደበት አይደለም። ሴኡል ተወልዶ ሴኡል ያደገ፣ አያቱም ከሴኡል ወጥተው የማያውቁ ሰው «የጊምሄ ኪም ነኝ» ይላል፤ ጊምሄን ግን በአውሮፕላን ማረፊያዋ እንጂ በሌላ ላያውቃት ይችላል። የኪም ቦንግዋን ከ200 በላይ ነው። ትልቁ ይኸው በደቡብ ምሥራቅ ቡሳን አጠገብ ባለችው ከተማ የሚጠራው የጊምሄ ኪም ሲሆን ከ4.4 ሚሊዮን በላይ ሰው አለው። የግዮንግጁ ኪም ይከተላል፣ ከዚያ የግዋንግሳን፣ የአንዶንግ እያለ ይወርዳል።

በዚህ ጉዳይ የምወደው ወሬ የ2000ው የፒዮንግያንግ ስብሰባ ነው። የደቡቡ ፕሬዚዳንት ኪም ዴጁንግ የሰሜኑን መሪ ኪም ጆንግኢልን ቦንግዋናቸውን ጠየቋቸው። መልሱ «የጆንጁ ኪም» ሆነ። ጆንጁ ያለችው በደቡብ ኮሪያ ጆላ በሚባለው አውራጃ፣ ኪም ዴጁንግ በተወለዱበት ምድር ነው። እሳቸው ግን በዘር መዝገብ የጊምሄ፣ ማለትም የተቀናቃኙ የግዮንግሳንግ አውራጃ ሰው ናቸው። «እንግዲያው እውነተኛው የጆላ ሰው እርስዎ ነዎት» ብለው ቀለዱባቸው። በጦር የሚፈላለጉ ሁለት መሪዎች እንዲህ ዘር ሲቆጣጠሩ ሳስብ የእኛ አገር የለቅሶ ቤት ሽማግሌዎች ይታወሱኛል።

ጥያቄ፦ የኪሞች አባት ከእንቁላል ተፈለፈለ የሚባለው እውነት ተጽፏል ወይስ ልጆቼ እየቀለዱብኝ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ተጽፏል፤ ልጆችዎ ንጹሓን ናቸው። ኢልዮን የተባለ የቡዲዝም መነኩሴ በ13ኛው መቶ ዘመን ባዘጋጀው «ሳምጉክ ዩሳ» በተሰኘ መጽሐፍ ውስጥ ታሪኩ አለ። በ42 ዓ.ም. ዘጠኝ የአካባቢው አለቆች ጉጂ በሚባል ኮረብታ ላይ ከሰማይ ድምፅ ሰሙ። በታዘዙት መሠረት እየጨፈሩ ዘፈኑ፤ ዘፈኑም ኤሊን «አንገትሽን ብቅ አድርጊ፣ አለዚያ ጠብሰን እንበላሻለን» እያለ የሚያስፈራራ ነው። ወዲያው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ የወርቅ ሣጥን በገመድ ወረደ። ውስጡ ስድስት የወርቅ እንቁላሎች ነበሩ። ቀድሞ የወጣው ልጅ ሱሮ ተባለ፤ ጋያ የተባለው የጥንት መንግሥት ንጉሥና የጊምሄ ኪሞች አባት እሱ ነው። ኪም የሚጻፍበት ፊደል ትርጉሙ ወርቅ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ጊምሄ ራሷም «የወርቅ ባሕር» ማለት ናት።

ሚስቱም ተራ ሴት አይደለችም። ሆ ሁዋንግኦክ የምትባል፣ አዩታ ከተባለ ሩቅ አገር በመርከብ የመጣች ልዕልት ናት። ብዙዎች አዩታን የህንዷ አዮድያ ናት ይላሉ፤ እዚያም በስሟ መታሰቢያ ቆሞላታል። መርከቧን ከማዕበል ጠበቀላት የሚባለው የድንጋይ ክምር ዛሬም ጊምሄ ውስጥ መቃብሯ አጠገብ አለ። ከልጆቻቸው ሁለቱ የእናታቸውን ስም ሆ ወረሱ ይባላል። ከዚህ የተነሣ የጊምሄ ኪምና የጊምሄ ሆ ስማቸው ቢለያይም በልማድ አይጋቡም።

የግዮንግጁ ኪሞች አባት ደግሞ አልጂ ነው። በ65 ዓ.ም. በጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ በተንጠለጠለ የወርቅ ሣጥን ተገኘ፤ ከሥሩ ነጭ ዶሮ ይጮኽ ነበር። ከእሱ ዘር የወጡት የሺላ መንግሥት ነገሥታት ሆኑ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ግዮንግሱን በ935 ለጎርዮ መንግሥት እጁን ሰጠ፤ ከብዙዎቹ የኪም ቤቶች ጀርባ የሚገኘው የእሱ ስም ነው። እንግዲህ ሁለት ሣጥን፣ ሁለት አባት፣ አንድ ስም። ኢልዮን የጻፈው ነገሩ ሆነ ከተባለ ከ1,200 ዓመት በኋላ ስለሆነ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደ ተረት ይዘውታል። የሺላ ነገሥታት ኪም የሚለውን ስም ይዘው በቻይና መዛግብት የሚታዩት እንኳ በ6ኛው መቶ ዘመን ነው።

ጥያቄ፦ ኮሪያዊው ጎረቤቴ ሚስተር ኪም ናቸው። ባለቤታቸውን «ሚስስ ኪም» ብላቸው «እኔ ሊ ነኝ» አሉኝ። ተቀየሙኝ? (ከአናንዴል፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ያረሙዎት ይመስለኛል እንጂ አልተቀየሙም። የኮሪያ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም፤ ልክ እንደ እርስዎ እናት። አሜሪካ ኖረው ረስተውት ይሆናል።

ጥያቄ፦ በአንድ ድራማ ፍቅረኞቹ ሁለቱም የአንድ ቦታ ኪም በመሆናቸው መጋባት ተከለከሉ። ዘመድ አይደሉም እኮ! እንዲህ ያለ ሕግ አለ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ነበረ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 809 ስማቸውና ቦንግዋናቸው አንድ የሆኑ ሰዎች፣ ዝምድናቸው የሺህ ዓመት ቢሆን እንኳ፣ እንዳይጋቡ ይከለክል ነበር። ለአንዲት የጊምሄ ኪም ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወንዶች ሁሉ ወንድሞቿ ናቸው። ተዋደው አብረው የኖሩ ጥንዶች ጋብቻቸው ስለማይመዘገብ ልጆቻቸውን በሕጋዊ ትዳር እንደተወለዱ ማስመዝገብ አይችሉም ነበር። መንግሥት እያዘነላቸው በ1978፣ በ1988 እና በ1996 ለተወሰነ ጊዜ በሩን ከፍቶ አስመዘገባቸው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1997 ክልከላው ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም አለ፤ ምክር ቤቱም በ2005 ሕጉን ቀየረው።

አሁን የሚከለከለው እስከ ስምንት ቾን ያለ ዘመድ ነው። ቾን እንዲህ ይቆጠራል፦ ወደ አባት አንድ፣ ወደ አያት ሁለት፣ ወደ ቅድመ አያት ሦስት፣ ወደ ቅድመ አያት አባት አራት፤ ከዚያ በሌላው ወገን አራት ደረጃ መውረድ፤ ድምሩ ስምንት። የእኛ ሰባት ቤት በዚሁ ስሌት አሥራ አራት ቾን ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የሐዋሳዋ ጠያቂዬ፣ በኮሪያውያን ከመገረምሽ በፊት የራስሽን አያቶች ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ኪም ከንጉሥ ከተወለደ ገበሬው የማን ልጅ ነበር? (ከጎንደር)

መልስ፦ የጎንደር ሰው ይህን መጠየቁ አስቆኛል። ዘሩን ሲቆጥር ሰባተኛው ላይ ደጃዝማች የማያገኝ ጎንደሬ እስካሁን አልገጠመኝም።

እውነቱን ለመናገር፣ በድሮዋ ኮሪያ ባሮችና ብዙ ድሆች ጭራሽ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። የዘር መዝገቡ፣ ጆክቦ የሚሉት፣ የባላባቶች ንብረት ነበር። በጆሶን ሥርወ መንግሥት ዘመን ማብቂያ ግን ገንዘብ ያገኘ ነጋዴና ገበሬ በደኸየ ባላባት መዝገብ ውስጥ ስሙን እየገዛ ገባ፤ መዝገብ አስመስሎ የሚያትምም ነበር። በ1894 የመደብ ልዩነት በአዋጅ ተሻረ። በ1909 የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ሲወጣ ደግሞ ስም የሌለው ሁሉ ስም መያዝ ግድ ሆነበት። ለመምረጥ የተፈቀደለት ሰው ምን ይመርጣል? ያው የታወቀውንና የተከበረውን ነው። የቀድሞ ጌታውን ስም የያዘም አለ። የወርቁ እንቁላል እንዲህ በወረቀት ላይ ብዙ ጫጩት ፈለፈለ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላው የጊምሄ ኪም ነው። በ1592 ጃፓን ኮሪያን ስትወር ሳያካ የተባለ ጃፓናዊ የጦር አለቃ ከነወታደሮቹ ከድቶ ለኮሪያ ተሰለፈ። ንጉሥ ሶንጆም ኪም ቹንግሶን ብሎ ስም ሰጠው፤ ቦንግዋኑም ጊምሄ ሆነ። ዘሮቹ ዴጉ አጠገብ ኡሮክ በሚባል መንደር ተቀመጡ። ስማቸው ጊምሄ ኪም ነው፣ ከሱሮ ጋር ግን የሥጋ ዝምድና የላቸውም።

ጥያቄ፦ እኔ የኮሪያ ዜግነት ባገኝ ኪም መሆን እችላለሁ? (ከሴኡል)

መልስ፦ ይችላሉ፤ የራስዎንም ቦንግዋን ሊመሠርቱ ይችላሉ። በ2018 ዜግነት ያገኘው የኬንያው ማራቶን ሯጭ ኦ ጁሃን ስሙን ከአሠልጣኙ ወርሶ የቾንግያንግ ኦ ቤት ጀማሪ ሆኗል። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ልጆቹ ምን ዓይነት እንቁላል እንደሚጽፉለት ማየት በቻልኩ።

ጥያቄ፦ አያቴ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምተው ነበር። አብሯቸው የተነሣ የአንድ ልጅ ፎቶግራፍ ትተውልናል፤ ጀርባው ላይ ሦስት ፊደል አለ፤ «ኪም» ይሉት ነበር። ቤተሰቡን ማግኘት ይቻላል? (ከደሴ)

መልስ፦ በኪም ብቻ አይቻልም፤ ከላይ ያልኩትን «ሴኡል ሄዶ ኪም የሚባል ሰው ይፈልጋል» የሚለውን ተረት ያስታውሱ። ሦስቱ ፊደላት ግን ነገሩን ይለውጡታል። የመጀመሪያው ኪም ከሆነ ቀሪዎቹ ሁለቱ የልጁ መጠሪያ ናቸው። በብዙ ቤቶች ከሁለቱ አንዱ የትውልድ ምልክት ነው፤ በአንድ ትውልድ ያሉ ወንድማማቾችና የአጎት ልጆች ሁሉ ይጋሩታል፤ አንዱን ፊደል አይቶ «ይህ ከጀማሪው ስንተኛ ትውልድ ነው» የሚል የቤቱ ሽማግሌ አይጠፋም። የተጻፈው በቻይና ፊደል ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው፤ በኮሪያ ፊደል አንድ ዓይነት የሚነበቡ ስሞች በቻይናው ይለያያሉ።

ልጁ በጦርነቱ ወላጆቹን ያጣ ከሆነ መንገዱ ይጠባል። ወላጁ ለማይታወቅ ልጅ ስምና ቦንግዋን የሚወጣለት በፍርድ ቤት ፈቃድ ስለሆነ ኪምነቱ የትም ላያደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ዘሩን ትተው ቦታውን ይከተሉ፤ አያትዎ የሰፈሩበትን አካባቢና ዓመት ከዘማችነት ወረቀታቸው ያውጡ። በቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ አለ፤ ፎቶግራፉን ለማሳየት ከዚያ የሚሻል ቦታ አላውቅም። እስከዚያው የጀርባውን ጽሑፍ በደንብ አንሥተው ይላኩልኝ፤ ኮሪያኛ የሚያነብ ወዳጅ አለኝ። የልጁ ፊት አያስፈልገኝም፣ ሦስቱ ፊደላት ብቻ።