ፍሬኑ አይደለም፤ ሚኒሞው ነው

በቤንዚን የሚሠሩትና በሪሞት የሚነዱት ትንንሽ መኪኖች ወደ አገራችን እየገቡ ነው መሰለኝ፣ ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ እነሱ ናቸው።

«ጋሼ፣ አጎቴ ከውጭ ያመጣልኝ መኪና እዚህ ማርቆስ ሲነሣ ይጨሳል፤ ዳገት ላይ ጉልበት የለውም። እዚያ ሲሞክሩት እንደ ጥይት ነበር አሉ። ተበላሽቶ ይሆን?» (ደብረ ማርቆስ)

አልተበላሸም፤ ደጋ ወጣ እንጂ። ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ለዚያ አገር ተለክቶ ይፈስስ የነበረው ቤንዚን እዚህ ይበዛል። ካርቡራቶሩ ላይ «ኤች» የሚል ምልክት ያለባትን ብሎን በሰዓት አቅጣጫ የዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ አጥብቀህ ንዳው፤ ከዚያ ካንዴላውን ፍታና እየው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ ገና ብዙ ነው። እንደ ታመሰ ገብስ ቡናማ ከሆነ እጅህን ሰብስብ። ከነጣ ግን ቶሎ መልሰው፤ በዚህ ሞተር ውስጥ ዘይቱ የሚሄደው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም አንሶ ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። የጎደለው ጉልበት ግን በብሎን ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

«ፍሬን ይዤው ይቆማል፤ ስለቀው ሳላዝዘው ወደ ፊት ይሳባል። የፍሬን ሸራውን ሁለት ጊዜ ቀየርሁት።» (ዳንግላ)

ሁለት ሸራ በከንቱ! መኪናውን ጡብ ላይ አስቀምጠው፤ አራቱም ጎማዎች አየር ላይ ይሁኑ። አስነሣውና ሪሞቱን አትንካ። ጎማዎቹ ከዞሩ ፍሬኑን አትውቀሰው። የዚህ መኪና ፍሪሲዮን ሞተሩ ሲፈጥን ጫማዎቹ ወደ ውጭ ተከፍተው ከበሮውን የሚይዙ ዓይነት ነው፤ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከበዛ ማንም ሳያዝዘው ይይዛል። ስለዚህ ሚኒሞውን ቀንስ። ቀንሰህም ጎማው ካልቆመ የፍሪሲዮኑ ሞላ ላልቷል ወይም ተሰብሯል።

ጎማዎቹ ጡብ ላይ ቆመው ቁልቁለት ላይ ብቻ የሚያንሸራትት ከሆነ፣ ያኔ ወደ ፍሬኑ ሂድ። ዲስኩን በጣትህ ዳብሰው። ዘይት ካለበት በአልኮል ጥረገው፤ ሸራው ካብለጨለጨ በላመ ብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርገው። ብዙ ጊዜ ነዳጁንም ፍሬኑንም የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሰርቮ (በሪሞት የሚታዘዝ ትንሽ ሞተር) ነው። ዘንጉ በትክክል ካልተስተካከለ ነዳጁ ሳይዘጋ ፍሬኑ መንከስ ይጀምራል፤ ሸራ የሚጨርሰውም ይኸ ነው።

«ነዳጁን ስለቀው ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፤ ይጮኻል።» (ባሕር ዳር)

የሆነ ቦታ አየር ይስባል። በካርቡራቶሩና በሲሊንደሩ መካከል ያሉትን ብሎኖች አጥብቅ፤ በመካከላቸው ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ እይ። እስኪገኝ አትንዳው።

«የባጃጅ ዘይት ብጨምርበትስ?» (እንጅባራ)

የለም! የዛሬው ባጃጅ አብዛኛው ፎር ስትሮክ ነው፤ ይኸ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ቱ ስትሮክ። የመኪናው መመሪያ ሌላ ካላለ በ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት፣ ማለትም 25 ለ1። እናንተ ዘንድ ደግሞ መካሪ ሞልቷል፤ ዲከረንስና ባሕር ዛፍ የሚቆርጡበት የሞተር መጋዝ የዚሁ ሞተር ወንድም ነው። ካርቡራቶሩን የሚያጥብላቸው ባለሙያ የአንተንም ያጥብልሃል። ዘይት ስትገዛ ግን ለሰንሰለቱ የሚፈስሰውን እንዳይሰጡህ።

«ለልጄ ልገዛለት አስቤ ነበር። ሪሞቱ ቢጠፋ ምን ይሆናል? ግቢያችን ሰው አያጣም።» (ብቸና)

እመቤቴ፣ ባለ 23 ሲሲ ሞተሩ መኪና 10 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሰው በሚመላለስበት ግቢ አያስነዱት። ከገዙም ሜዳ ይውሰዱት። ሪሞቱ ሲቋረጥ ነዳጁን ዘግቶ ፍሬን እንዲይዝ መኪናው ውስጥ ባለው የሪሞቱ መቀበያ ላይ አስቀድሞ ይስተካከላል። የመኪናው ባትሪ ራሱ ከሞተ ግን ሰርቮው ባለበት ደርቆ ይቀራል፤ ለዚያ ነዳጁን መልሶ የሚዘጋ ሞላ፣ ቢቻል ደግሞ ለብቻው ሞተር የሚያጠፋ መሣሪያ ያስገጥሙ።

እኔ ያለ ሞላ እየነዳሁ ባትሪው ሞተብኝ። መኪናው እየጮኸ አጥር ሾልኮ ጎረቤቴ ለጠላ ያሰጡት ብቅል ላይ ወጣ፤ ሰሌኑን ጎትቶ ጌሾው ሥር ሲደርስ ተጠምጥሞበት ቆመ። ብቅሉን ተካሁ። እሳቸው ግን እስካሁን ጠዋት ሲያገኙኝ እንደምን አደርህ አይሉኝም፤ «ያ ነገር ታሰረ?» ነው የሚሉኝ።