ለሚጥል በሽታ መድኃኒት ከጀመረች በኋላ ሽፍታ ወጣባት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ22 ዓመት እህቴ ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን ከጀመረች 3 ሳምንት ሆናት። ሕመሙ ጋብ ብሎላታል፤ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደረቷና ክንዷ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጣባት። አጎታችን ለዚሁ ሕመም የሚወስዱት ፌኖባርቢታል ቤት ውስጥ አለ። ካርባማዜፒኑን አስቁሜ እሱን ልስጣት?

መልስ፦ ፌኖባርቢታሉን አይስጧት። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል በኬሚካዊ ቅርጻቸው ይቀራረባሉ። ሰውነቷ አንዱን ካልተቀበለ ሌላውንም ላይቀበል ይችላል፤ ያውም ብሶ።

ጊዜው ራሱ መድኃኒቱን ያስጠረጥራል። አደገኛ የሆነው የቆዳ ቁጣ በአብዛኛው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ውስጥ ነው። ለዓመታት ተስማምቷት የወሰደችው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ሌላ ምክንያት እንፈልግ ነበር። በቅርቡ የወሰደችው ሌላ መድኃኒት ካለ፣ በተለይ ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ፀረ ባክቴሪያ፣ እሱንም ለሐኪሟ ይንገሩ፤ ተመሳሳይ ችግር ያመጣል።

እንዲህ ያለው ሽፍታ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፣ መድኃኒቱ ሲቀየር ይጠፋል። ችግሩ፣ ቀላሉም ከባዱም ሲጀምሩ መመሳሰላቸው ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት። ከመሄዳችሁ በፊት በቀን ብርሃን አፏን ከፍታ ይመልከቱ፦ ከንፈሯ ወይም የአፏ ውስጥ ቆስሏል? ዓይኗ ቀልቷል ወይም ይቆረቁራታል? ስትሸና ያቃጥላታል? ቆዳዋ ከማሳከክ ይልቅ ሲነካ ያማታል? ውሃ የቋጠረ ወይም የሚላጥ ቦታ አለ? ትኩሳት፣ የፊት እብጠት፣ አንገቷና ብብቷ ሥር ንፍፊት፣ የዓይን ቢጫ መሆንስ? ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ ላይታይ ስለሚችል ወይን ጠጅ መሰል ወይም የጠቆረ ነጠብጣብ ይፈልጉ።

ከነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ቀጣዩን ኪኒን ሳትወስድ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ስቲቨንስ-ጆንሰን ሲንድረም የሚባለው ቆዳንና የአፍ፣ የዓይን፣ የብልት ስስ ሽፋንን ይልጣል። ድሬስ የሚባለው ደግሞ ጉበትንና ኩላሊትን ስለሚነካ ሽፍታው ቀላል ቢመስልም የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ምልክቶቹ ከሌሉ ግን መድኃኒቱን በራሳችሁ አቋርጣችሁ ቤት አትቀመጡ። በድንገት ሲቆም ሕመሙ ያለ ፋታ እየተደጋገመ ሊጥላት ይችላል፤ ይህ ሕይወት ያሳጣል። ሐኪሙ ካርባማዜፒኑን ካቆመ በዚያው ቀን የሚተካ ሊያዝላት ይገባል፤ ለምሳሌ ሌቬቲራሲታም። ቫልፕሮኤት የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒትም ከነካርባማዜፒን ቤተሰብ ውጭ ነው፤ ግን ፅንስን ስለሚጎዳ በእሷ ዕድሜ ላለች ሴት ሌላ አማራጭ እያለ አይመረጥም።

ሴትሪዚን 10 ሚ.ግ. ማሳከኩን ሊያስታግስላት ይችላል፣ የቆዳውን ቁጣ ግን አያቆምም። ከመደብር የሚገዛ ክሎቤታዞል ያለበት ቅባት አትቀቧት፤ ሐኪሙ ማየት ያለበትን ይደብቃል። ሽፍታውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፣ የመድኃኒቱን ካርቶን ይያዙ፣ የጀመረችበትን ቀንና መጠኑ የጨመረበትን ቀን ጽፈው ይሂዱ።

መንስኤው ካርባማዜፒን መሆኑ ከተረጋገጠ ስሙ በሕክምና ካርዷ ላይ ይጻፍ። ዳግመኛ አንድ ኪኒን እንኳ አትሞክር፤ የቅርብ ዘመዱን ኦክስካርባዜፒንንም ጭምር። አጎትዎ ግን ፌኖባርቢታሉ ተስማምቷቸው ከቆዩ በእህትዎ ምክንያት ፈርተው እንዳያቋርጡ ይንገሯቸው።