ፋይሉ የሚያውቀውን ጂዲቢን አትጠይቅ

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው። ጠያቂው ለአንድ መጋዘን የሚዛን ንባብ የሚመዘግብ ፕሮግራም በሲ ጽፏል። ፕሮግራሙ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ይወድቅበታል። ስህተቱን የሚፈልገው ጂዲቢ በሚባለው ዲበገር፣ ማለትም የፕሮግራምን ውስጥ በሚያሳይ መሣሪያ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ጂዲቢ ውስጥ የሚሠራ የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ። ሜሞሪ ላይ የተጫኑትን ፋይሎች ስም ያወጣልኛል። የእያንዳንዱ ፋይል ሴክሽን (ኮዱና ዳታው የተከፋፈለበት ክፍል) የት እንደሚጀምርና ስንት ባይት እንደሆነ ግን ከየት እንደማገኝ አጣሁ። ኢንፎ ፋይልስ የሚለውን ትዕዛዝ እያስጠራሁ የሚወጣውን ጽሑፍ መቆራረጥ ጀመርኩ። ፋይሉ ላይ ካለው አድራሻ ጋር በሄክስ (በ16 መሠረት በሚጻፍ ቁጥር) 555555554000 ስደምር ላፕቶፔ ላይ ልክ ይመጣል፤ መጋዘኑ ኮምፒውተር ላይ ግን ዝብርቅርቁ ይወጣል። ምኑን ነው የሳትኩት?»

አብሽር ወንድሜ። ያጣኸው ስለሌለ ነው። ጂዲቢ ለፓይተን የሚሰጥህ ኦብጅፋይል የሚባለው ነገር የፋይሉን ስም፣ የቢልድ መታወቂያውን (አንዱ ቢልድ ከሌላው የሚለይበትን ቁጥር)፣ ባለቤቱን እና አሁንም በሕይወት መኖር አለመኖሩን ይነግርሃል። ሲምቦልም (የፋንክሽን ወይም የተለዋዋጭ ስም) ፈልግልኝ ብትለው ይፈልግልሃል። የሴክሽን ዝርዝር ግን የለውም። ዶክመንቱን ሦስት ጊዜ ብታገላብጠው አታገኘውም፣ እኔም አገላብጬዋለሁ።

መጀመሪያ ያችን 555555554000 እንጣላት። ከየት እንዳመጣሃት አውቃለሁ። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሙን ራሱ ጂዲቢ ሲያስነሳው የአድራሻ መቀያየሩን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ባለ 64 ቢት ኢንቴል ማሽን ላይ ሁሌ እዚያው ቦታ ይጫናል፤ አንተም ቋሚ ቁጥር መሰለህ። መጋዘኑ ላይ ግን ፕሮግራሙ ቀድሞ ተነስቶ እየሠራ ነው፣ አንተ ከኋላ መጥተህ ጂዲቢን አታች ታደርጋለህ፣ ማለትም ከሚሠራው ፕሮግራም ጋር ታያይዘዋለህ። ያኔ ቦታውን የሰጠው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ነው፣ በተነሳ ቁጥርም ሌላ ቦታ ይሰጠዋል።

ደሴ ሰኞ ገበያ የምትቸረችር እናት አስብ። ማዳበሪያዋን ዛሬ እዚህ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ቦታ ያገኘችበት ትዘረጋለች። ማዳበሪያው ላይ ያለው አቀማመጥ ግን አይለወጥም። ሽንኩርቱ ከዳር፣ ቀጥሎ ቲማቲም፣ ቃሪያው ከእግሯ ሥር። የማዳበሪያውን ጫፍ ካገኘህ ቃሪያውን ዓይንህን ጨፍነህ ታገኘዋለህ። ፋይሉ ማለት ማዳበሪያው ነው፣ ሴክሽኖቹ መደቦቹ ናቸው። አንተ ያደረግከው ያለፈው ሰኞ የነበረችበት ቦታ ሄደህ መቆም ነው።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈለው። አቀማመጡን ከፋይሉ አንብብ፣ የተጫነበትን ጫፍ ከሂደቱ (እየሠራ ካለው ፕሮግራም) ጠይቅ። ጽሑፍ መቆራረጡን ተው። ኢንፎ ፋይልስ ለሰው ዓይን የተሠራ ነው፣ ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊትና በኋላ የሚያወጣው ቁጥር ራሱ ይለያያል። አንድ ቀን የጂዲቢ ቨርዥን ሲቀየር ደግሞ አንድ ስፔስ ትጨመርና ስክሪፕትህ ጸጥ ብሎ ይዋሻል።

ለፋይሉ ፓይ ኢኤልኤፍ ቱልስ የሚባለው ላይብረሪ ይበቃሃል። ንጹህ ፓይተን ስለሆነ ኢንተርኔት የሌለው ማሽን ላይ በፍላሽ ገልብጠህ ትወስደዋለህ። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ ጂዲቢ ውስጥ ያለው ፓይተን አንተ በፒፕ የጫንክበት ፓይተን ላይሆን ይችላል። «ሞጁሉ የለም» ካለህ አትደንግጥ፣ ፎልደሩን በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ በሲስ ፓዝ (ፓይተን ሞጁል በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ ጨምርለት።

ለጫፉ ደግሞ ኢንፎ ፕሮክ ማፒንግስ የሚባል የጂዲቢ ትዕዛዝ አለልህ። አዎ፣ ይሄም ጽሑፍ ነው፣ ግን ሕያው ሂደት ከሆነ ቀጥታ የሂደቱን ማፕስ ፋይል (ምን የት እንደተጫነ የሚያሳየውን) ከፕሮክ ሥር በፓይተን ከፍተህ ማንበብ ትችላለህ። የፋይልህ ስም ያለበትንና ኦፍሴቱ (ከፋይሉ መጀመሪያ ያለው ርቀት) ዜሮ የሆነውን መስመር ፈልግ፣ መነሻው እሱ ነው። በሄክስ 561274830000 አገኘህ እንበል። ፋይሉ ውስጥ ቴክስት የሚለው የኮዱ ሴክሽን አድራሻው 1060 ከሆነ፣ አሁን ያለው 561274831060 ላይ ነው። በቃ። ፕሮግራሙ በድሮው መንገድ፣ ቦታ እንዳይቀይር ተደርጎ ከተሠራና አድራሻው ከ400000 የሚጀምር ከሆነ ግን ምንም አትደምር፣ ፋይሉ ላይ ያለው ቁጥር ራሱ እውነተኛው አድራሻ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ኦፍሴትና አድራሻን ሲያምታታ ነው። ዴታ የሚለው ሴክሽን ፋይሉ ውስጥ 3000 ላይ ተቀምጦ አድራሻው 4000 ሊሆን ይችላል። የምትደምረው አድራሻውን ነው። ቢኤስኤስ የሚለውን ሴክሽን ደግሞ ከፋይሉ አነባለሁ ብለህ አትልፋ፣ ፋይሉ ላይ አንድም ባይት የለውም። የሚዛኑ ቆጣሪ መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው ግሎባል ከሆነ እዚያ ነው ያለው፣ ስለዚህ ይዘቱን በጂዲቢ ሪድ ሜሞሪ ከሂደቱ ውሰድ። ሜሞሪ ላይ የማይጫኑትንም፣ ማለትም የዲበግ መረጃውን፣ ኮመንቱንና የሲምቦል ሰንጠረዡን፣ አጣራቸው። የእነሱ አድራሻ ዜሮ ነው። መነሻውን ስትደምርባቸው ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይከመሩብሃል። ዝብርቅርቅ ካልከው ግማሹ ይሄ ይመስለኛል።

ዝርዝሩ ውስጥ ያላሰብካቸው እንግዶችም አሉ። ዲበግ መረጃው በተለየ ፋይል ከሆነ እሱም እንደ ራሱን የቻለ ኦብጅፋይል ይቆጠራል፤ ባለቤት ያለውን ሁሉ እለፈው። ከርነሉ ራሱ የሚያስገባው ቪዲኤስኦ የሚባል ትንሽ ላይብረሪ ደግሞ ስም አለው እንጂ ዲስክ ላይ ፋይል የለውም፣ ለመክፈት ስትሞክር ስክሪፕትህ እዚያው ይሞታል። ከመክፈትህ በፊት ፋይሉ መኖሩን እይ። ላይብረሪ ዘግይቶ የሚጫን ከሆነ ኒው ኦብጅፋይል የሚለውን ኢቨንት ያዝ፣ በየጊዜው ዝርዝሩን ከማሰስ ያድንሃል።

አሁን ከሁሉ በፊት ማድረግ ያለብህን ልንገርህ፤ መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ስለሚያሳፍረኝ ነው። አንድ ክረምት አንድ መጋዘን ተመሳሳይ ነገር አምጥቶብኝ ደሴ ቤቴ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ነበር። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፣ መብራቱ ይመጣል ይሄዳል። ሴክሽኖቹ ልክ ናቸው፣ መነሻው ልክ ነው፣ ግን የወደቀበት አድራሻ የሚያሳየኝ ፋንክሽን እዚያ ሊጠራ የማይችል ነው። በሦስተኛው ቀን ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ማሽኑን ራሱን ሳየው፣ ለካ እነሱ ጋ ያለው ከሁለት ሳምንት በፊት የሠራሁት ቢልድ ነው፣ እኔ ጋ ያለው ደግሞ አንድ መስመር ያስተካከልኩበት። ቢልድ መታወቂያውን ባወዳድር ኖሮ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ 40 የሄክስ አኃዝ ነው። ከኦብጅፋይሉ ያገኘኸውንና ከፋይሉ ያነበብከውን አስተያይ፣ ካልገጠሙ ስክሪፕቱ ጮሆ ይቁም። ማስጠንቀቂያ ጽፎ እንዲቀጥል አታድርግ፣ ማስጠንቀቂያ የሚያነብ የለም።

«ይሄን ሁሉ ከማድረግ ሌላው ዲበገር፣ ኤልኤልዲቢ፣ አይሻልም?» ካልከኝ፣ ለዚህ ሥራ ይሻላል። እዚያ ሞጁሉ (የተጫነውን ፋይል የሚወክለው) ሴክሽኖቹን ቀጥታ ይሰጥሃል፤ የፋይል አድራሻውን፣ የተጫነበትን አድራሻ፣ ይዘቱን ጭምር። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በል። ላይኛው ደረጃ ላይ የምታገኛቸው ትልልቅ ሴግመንቶች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሴክሽኖቹ ከውስጣቸው ናቸውና አንድ ደረጃ ውረድ። ያልተጫነ ሴክሽን አድራሻውን ስትጠይቀው ደግሞ 18446744073709551615 ይልሃል። እሱ «የለም» ማለቱ ነው፣ አድራሻ ብለህ እንዳትደምርበት። ጂዲቢ ከለመድክና መጋዘኑ ማሽን ላይ ያለው እሱ ብቻ ከሆነ ግን ለዚህ ብለህ አትቀይር።

ፕሮግራሙ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ የሚወድቅ ከሆነ ጂዲቢ ከፍተህ አትጠብቀው። ዩሊሚቱን (የኮር ፋይል መጠን ገደቡን) ከፍ አድርገህ ሲወድቅ ኮር ፋይል፣ ማለትም በወደቀበት ቅጽበት የነበረውን የሜሞሪ ቅጂ፣ እንዲተው አድርግ። ሂደቱ ከሞተ በኋላ የፕሮክ ማፕስ ፋይሉ የለም፣ ኢንፎ ፕሮክ ማፒንግስ ግን ኮሩ ላይም ይሠራል፤ ስክሪፕትህ መነሻውን ከዚያ ይውሰድ። የወደቀበት አድራሻ ከየትኛውም ሴክሽን ውስጥ ካልገባ ስክሪፕቱን መልሰህ አትፈታታ፤ አንድ የፋንክሽን ፖይንተር (የፋንክሽን አድራሻ የያዘ ተለዋዋጭ) ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበት ይሆናል። ከሚዛኑ የሚመጣውን ጽሑፍ የምትቀበልበት ባፈር ስንት ባይት እንደሆነ እይና ጻፍልኝ።