የሰሞኑ ጥያቄዎች፦ ሁሉም ከአንገት በላይ

ባለፈው ስለ ሄድፎን አንድ ሁለት ነገር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። ከአንገት በላይ ስል ከልብ አልጠየቃችሁም ማለቴ አይደለም፤ ሁሉም ስለ ጆሮ ስለሆነ ነው። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ። ሦስት ገጽ የጻፍከው ወዳጄ፣ አትቀየመኝ።

የመጀመሪያው እሱ ነው። ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ይማራል። ገንዘብ አጠራቅሞ ርካሽ ኖይዝ ካንሰሊንግ (የውጪውን ጫጫታ የሚቀንስ) ሄድፎን ገዛ፤ ድምፁ ግን አነሰበት። የዶርም ጓደኛው «አምፕሊፋየር ካልገዛህለት ገንዘብህን ውኃ በላው» አለው። እውነት ነው ወይ ነው ጥያቄው።

አይደለም። ጓደኛህን ውደደው፣ ምክሩን ግን ተወው።

አምፕሊፋየር ደካማውን ሞገድ አጉልቶ ሄድፎኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ስፒከር የሚገፋ ዕቃ ነው። ያንተ ሄድፎን ውስጥ አንድ አለ። ባይኖርማ ብሉቱዙ ከየት አምጥቶ ያሰማሃል? በብሉቱዝ የሚመጣልህ ቁጥር እንጂ ድምፅ አይደለም። ቁጥሩን ወደ ሞገድ የሚቀይረው፣ የሚያጎላው፣ በዚያ ላይ የውጪውን ጫጫታ በማይክ ሰምቶ ተቃራኒውን ሞገድ ሠርቶ የሚያጣፋው፣ ሁሉም ጆሮህ ላይ ያንጠለጠልከው ዕቃ ውስጥ ነው። ማታ ማታ ቻርጅ የምታደርገው ለዚህ ነው እንጂ ለመብራቱ አይደለም። በብሉቱዝ እስከሰማህ ድረስ ሌላ አምፕሊፋየር ብትገዛ የምትሰካበት ቦታ የለህም።

በገመድስ? ኖይዝ ካንሰሊንጉ እንደበራ ገመድ ብትሰካ፣ በአብዛኞቹ ላይ ድምፁ በገመዱ ገብቶ እንደገና በውስጠኛው አምፕ ያልፋል። ከውጭ ሌላ ብትጨምርበት የሚተርፍህ ብዙ ጊዜ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ነው። ባትሪው አልቆ በገመድ ብቻ ከሰማህ ደግሞ ስልኩ ራሱ ይገፋዋል። እንዲህ ያሉት ሄድፎኖች አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 32 ኦም (ለኤሌክትሪክ የሚያሳዩት ተቃውሞ መለኪያ ነው) አካባቢ ናቸው፤ ለስልክ ቀላል ሸክም ነው። ባትሪ ሲያልቅ በገመድም ጭጭ የሚሉ አሉ፣ እነሱን ምንም አምፕሊፋየር አያስነሳቸውም።

ታዲያ ለምን አነሰብህ? መጀመሪያ ሁለት የድምፅ መጨመሪያ እንዳለህ አስብ፣ አንዱ ስልኩ ላይ፣ አንዱ ሄድፎኑ ላይ። በአንዳንዱ ስልክ እነዚህ ለየብቻ ናቸው። ስልክህ ላይ የድምፅ ገደብ ተደርጎም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጆሮህ ላይ የሚያርፈውን የሄድፎኑን ትራስ እይ። መነጽር ታደርጋለህ? የመነጽሩ ዘንግ በትራሱና በቆዳህ መሀል ክፍተት ከፈጠረ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) በዚያ ይወጣል፣ ኖይዝ ካንሰሊንጉም ይደክማል። ሁለት ጣትህን ትራሱ ላይ አድርገህ ቀስ ብለህ ተጫነው። ቤዙ ድንገት ከመጣ ችግርህ ትራስ ነው።

ግን እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። ድምፁ አላነሰም፣ ዶርሙ ነው የጮኸ። ኖይዝ ካንሰሊንግ የሚያሸንፈው ዝቅ ብሎ ሳያቋርጥ የሚያጓራውን ነው፦ ጀነሬተር፣ ቬንቲሌተር፣ የአውቶቡስ ሞተር። የቦዝ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ሲበር ሐሳቡ የመጣለት እኮ የአውሮፕላን ጉርምርምታ አሰልችቶት ነው፣ የስምንት ተማሪ ወሬ አይደለም። ድምፁ እየቀጠነ ወደ 1000 ኸርዝ ሲጠጋና ከዚያ ሲያልፍ አቅሙ ይዝላል። የባጃጅ ክላክስ ይገባል፣ የሳህን ኳኳታ ይገባል፣ የጓደኛህ ምክርም ይገባል። እነዚህን በዋናነት የሚያግደው ትራሱ ራሱ ነው።

አሁን ወደ እኔ ጭንቀት ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ40 ሰዓት ብታዳምጥ ችግር የለውም ይላል። 90 ካደረስከው 4 ሰዓት ብቻ። 100 ከሆነ ለሳምንቱ የተፈቀደልህ 20 ደቂቃ ነው። አየኸው? በጓደኛህ ምክር 10 ዴሲቤል ጨመርክ ማለት ከአሥር ሰዓት ዘጠኙን አቃጠልክ ማለት ነው። ኖይዝ ካንሰሊንግ የተገዛው እኮ ድምፁን ዝቅ አድርገህ እንድትሰማ ነው! በእሱ ላይ ማጉያ መደረብ ጥላ ዘርግቶ ዝናብ ውስጥ እንደመቆም አይደለም፣ የባሰ ነው፤ ጥላውን ገልብጦ ውኃ እንደማጠራቀም ነው።

እኔም እንደ አዋቂ አልናገርም። ከዓመታት በፊት አንድ ሻጭ «ያለዚህ ሄድፎኑ ዋጋ የለውም» ብሎኝ አንዷን ጥቁር ሳጥን ገዝቼ ገባሁ። ዛሬም አለች። መስኮት ስከፍት የጣና ነፋስ ወረቀቴን እንዳይበትንብኝ ጠረጴዛ ላይ ተጭናልኝ ትውላለች። ለዚህ ሥራ በጣም ጎበዝ ናት።

ሁለተኛው ጠያቂ፣ ወንድሙ ከአሜሪካ የስቱዲዮ ሄድፎን ልኮለታል። 250 ኦም ይላል፣ ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። ስልኩ ላይ ሲሰካው ዘፋኙ ከሐይቁ ማዶ የሚዘፍን ይመስለዋል።

አንተ አምፕሊፋየር ግዛ። የላይኛው ልጅ ጓደኛ ወሬውን የሰማው ካንተ ዓይነት ሰው ሳይሆን አይቀርም። 250 ኦም የሆነ ሄድፎን ስልክ ከሚሰጠው የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ከመግዛትህ በፊት ግን ሙዚቃ የሚቀዳ ሰው ታውቅ እንደሆነ ሄደህ ኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ማይክና ሄድፎን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ሰካው። እዚያ ደህና ከጮኸ የምትፈልገውን አወቅህ። ደግሞ ሞንታርቦ የሚገፋ አምፕሊፋየር ላይ በአስማሚ እንዳትሰካው፣ አደራ። ሄድፎኑም ጆሮህም በአንድ ቀን ይሄዳሉ።

ሌላው ደግሞ «ጥቁሩን ሄድፎን ልግዛ ነጩን?» ይላል። ጥቁሩን። ነጩ ከባጃጅ አቧራ ጋር አንድ ሳምንት አይከርምም።

አንድ ባለሱቅ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የጎረቤቱ ጀነሬተር አላስቀምጥ ብሎት፣ ካርቶኑ ላይ ኢኤንሲ የሚል ኢርፎን ገዛ። ጀነሬተሩ ግን ያው እንደ ጉድ ይጮኻል። «ተሸወድኩ?»

በአንድ ፊደል። የምትፈልገው ኤኤንሲ ነበር፣ ያ ከላይ ያወራንለት ኖይዝ ካንሰሊንግ። ኢኤንሲ የሚሠራው ማይኩ ላይ ነው፤ ስልክ ስታወራ ጫጫታውን የሚቀንሰው ለደወልክለት ሰው ነው፣ ላንተ አይደለም። እናትህ ድምፅህን ጥርት አድርገው ይሰሙሃል፣ አንተ ከጀነሬተሩ ጋር ትኖራለህ። ሌላ ጊዜ ስትገዛ ካርቶኑን አትመን። ዘፈን ሳትከፍት ጆሮህ ላይ አድርገው፣ የሚጮህ ቬንቲሌተር ወይም ሞተር አጠገብ ቁም፣ አብራው፣ አጥፋው። ጉርምርምታው ዝቅ ከፍ ካላለ አስቀምጠህ ውጣ። ሻጩ ካላስሞከረህም ውጣ።

ማታ ማታ በሐይቁ ዳር የምትራመድ እህታችን ደግሞ ኖይዝ ካንሰሊንጉን ስታበራ ጭራሽ ፉፉታ እንደሚመጣባት ጽፋለች። አልተበላሸም፣ እህቴ። ነፋሱ የውጪውን ማይክ ሲመታው ማይኩ ጫጫታ መስሎት ይታገለዋል፣ ትግሉ ነው የሚሰማሽ። አጥፊው፣ ወይም የነፋስ ማስተካከያ ካለው እሱን ምረጪ። እንደውም ከሐይቁ ዳር ወጥተሽ አስፋልት ስትሻገሪም ይጥፋ። ባጃጅ ከኋላ ሲመጣ ሞተሩን አስቀድሞ የሚደብቅብሽ እሱ ነው።

ቀጣዩ ደብዳቤ አጭር ነው፣ እኔ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከባሕር ዳር ዘጌ የሞተር ጀልባ ይነዳሉ፣ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ማታ ጋደም ሲሉ ጆሯቸው ጭው ይላል። ከሦስት ቀን ወዲህ ደግሞ የግራው ድንገት ድፍን አለ። ኖይዝ ካንሰሊንግ ብገዛ ይሻለኛል ወይ ብለው ነው የጠየቁኝ።

ጋሼ፣ ሄድፎኑን እንተወው። ዛሬ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ይህን ሲያነቡ መሽቶ ከሆነ ነገ ጠዋት፣ ከጀልባው በፊት። ድንገት የደፈነ ጆሮ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከሆነ አጥበውት ይመለሳሉ፣ እኔንም «አስደነገጥከኝ» ብለው ይቆጡኛል። ግን የመስማት ነርቭ ጉዳይም ሊሆን ይችላል። ያኛው መድኃኒቱ የሚረዳው ቶሎ ሲጀመር ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። ሁለቱን ከቤት ሆኖ መለየት አይቻልም፣ እኔም ከዚህ ሆኜ አልችልም። ዘይት አይጨምሩበት፣ የክብሪት እንጨትም አይክተቱበት። የአንገት በላይ ሐኪም ይጠይቁ፣ የመስማት ምርመራም እንዲደረግልዎ ይንገሯቸው። «ሦስት ቀን ሆነው» የምትለዋን ሳይረሱ ይናገሩ፣ ዋናዋ እሷ ናት።

ጭውታው የሞተሩ ሥራ ሊሆን ይችላል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። ስለዚህ ለሥራው የሚያስፈልግዎ ለጫጫታ ተብሎ የተሠራ የጆሮ መከላከያ ነው፣ ስንት ዴሲቤል እንደሚቀንስ ማሸጊያው ላይ የተጻፈበት። ርካሽ ሄድፎን ለዚያ አልተሠራም፤ ዘፈን ከከፈቱበት ደግሞ ከሞተሩ ጋር እየተፎካከሩ ድምፅ ይጨምሩበታል። የትኛው መከላከያ ለእርስዎ እንደሚሆን፣ ተሳፋሪ ሲጣራ እንዲሰሙም የሚተውልዎን፣ ሐኪሙን ይጠይቁት። ከሄዱ በኋላ ምን እንዳሉዎት ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የመጨረሻዋ እናት ናቸው። ልጃቸው ሄድፎን ከገዛ ወዲህ ሲጠሩት አይሰማም። ደንቁሮብኝ ይሆን ይላሉ።

እማማ፣ ሄድፎኑን ካወለቀ በኋላ ከኋላው ሆነው በሹክሹክታ «አሳ ጥብሱ ቀርቧል» ይበሉት። ዞር ካለ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ካልዞረ ያው ሐኪም ያሳዩት።